በምጥ ሰዓት የተባለው

“እማ፣ ለመሆኑ ያን ጊዜ ምን ብለሽ ነው የተሳልሽው?”

ብርቅዬ ፍላቂት ካለችው ትንሽ ክሊኒክ አጥር ሥር ተቀምጣ ለልጇ ያመጣችውን የበሶ ቋጠሮ እየፈታች ነበር። ጥያቄውን ስትሰማ እጇ ቋጠሮው ላይ ቀረ። ቀና ብላ ገብረ ሊባኖስን አየችው። ልጇ የስለት ልጅ መሆኑን ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ለሰማም ላልሰማም ስትናገር ኖራለች። ምን ብላ እንደተሳለች ግን አንድም ሰው ጠይቋት አያውቅም።

“ለይምርሐነ ክርስቶስ ነዋ” አለች።

“ለማን እንደሆነማ ከልጅነቴ ጀምሮ ስትነግሪኝ ነው ያደግሁት። ቃሉን ነው የምጠይቅሽ። ከአፍሽ የወጣውን።”

“ስለት ነዋ! ስለት ምን ይባላል?”

“እሱን እኮ ነው የጠየቅሁሽ” አለ ገብረ ሊባኖስ ሳይቆጣ። “ልጄ ቄስ ይሁን ብለሽ እንደሆነ አንድ ነገር ነው። ያገልግልህ ብለሽ እንደሆነ ሌላ ነው። ስንት ዓመት ብለሽ እንደሆነም ማወቅ አለብኝ። ሳላውቀው ምኑን እጠብቃለሁ፣ ምኑንስ አፈርሳለሁ?”

ብርቅዬ ልጁን ከወለደችበት ቀን የምታስታውሰው የጎጆውን ጣራና የሰው እጅ ብቻ ነው። ከወለደች በኋላ ሦስት ቀን በትኩሳት ራሷን ስታ ነበር። ስትነቃ ልጁ ጡቷ ላይ ነበር፤ ሴቶቹም “የስለት ልጅ” እያሉ ይጠሩት ነበር። እሷም እንዳሉት አለች። ከእሱ በፊት ሁለት ልጆች ቀብራ ስለነበር፣ ይህ የተረፈው በስለቱ ነው ካሉ፣ በስለቱ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በዚያው ዓመት፣ በ1973 ጥቅምት ላይ ነው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ስብሰባ ጠርቶ፣ ደሴ ሄዶ የጤና ረዳትነት የሚማር አንድ ወጣት ከቀበሌው ይፈለጋል፣ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ ይሁን ተብሏል አለ። በቀበሌው ስምንተኛ የጨረሱት ሁለት ብቻ ነበሩ። አንደኛው ወታደር ሆኗል። የቀረው ገብረ ሊባኖስ ነው፤ ጠዋት ላሊበላ ከተማ ቀለም ሲማር፣ ከሰዓት በኋላ ከመሪጌታ ጥሩሰው እግር ሥር ዜማ ሲያጠና ያደገ ዲያቆን። ተምሮ የጨረሰ ሰው ደግሞ መንግሥት ወደ መደበው ይሄዳል፤ ጋምቤላም ይሁን ሐረር።

ብርቅዬ መሪጌታው እንደሚከለክሉላት ተስፋ አድርጋ ነበር። እሳቸው ግን ልጁን አስቀምጠው “ሂድና እየው” አሉት። “ሳታየው እምቢ ብትል ዕድሜህን ሙሉ ስታስበው ትኖራለህ። ከእኔ ጋር ቆመህ ልብህ እዚያ እንዲሆን አልፈልግም።” ወደ ብርቅዬም ዞረው “ስለት አለበት የምትይውን ግን አንቺ እወቂበት። ለእግዚአብሔር የተሰጠ ልጅ ከሆነ እኔ ፈትቼ ልሰደው አልችልም። ካልሆነም በሌለ ነገር አላስረውም” አሏት።

የክሊኒኩ ኃላፊ ሲስተር ዘሀራም የራሷ ደንብ ነበራት። አንድ ወር ሙሉ አጠገቧ ሳይሠራ ለማንም አትፈርምም። ስለዚህ ገብረ ሊባኖስ በኅዳር መባቻ ደበሎውን ለጓደኛው ትቶ ወደ ፍላቂት ወረደ። ስሙ ወደ ወልድያ የሚላከው ከገና በኋላ ነው። ብርቅዬም የስለቱን ነገር እንድታጣራ የነበራት ጊዜ እስከዚያ ድረስ ብቻ ነበር።

ወሩ ሲጋመስ አላስችል ብሏት ስንቅ ይዛ መጣች። ሁለት ቀን ሙሉ በእግር ነው። መንገዱን ያሳያት ደባሱ ነበር፤ የልጇ የአቋቋም ጓደኛ፣ የኮን ሰው፣ አፉ የማያርፍ።

“እኔ ብሆን እኮ እትዬ” ይላት ነበር አቀበቱን ሲወጡ፣ “ይህን ጊዜ ደሴ ገብቼ ነጭ ጋዋን ለብሻለሁ። የኔ እናት ምነው ለዜማ ትምህርት ሳይሆን ለሾፌርነት በሰጠችኝ! ነገ ተነገ ወዲያ ከጎንደር መኪና አንዱ ላይ ዘልዬ እወጣለሁ፤ ያን ጊዜ ፈልጉኝ።”

“ዝም በል አንተ! መሪጌታ ይስሙህ።”

“ጓድ መሪጌታ ሰምተውኛል። ‘መኪናው ሲያቅለሸልሽህ ትመለሳለህ’ ነው ያሉኝ።”

በክሊኒኩ አጥር ሥር ለልጇ የሰነቀችውን ሰጥታ፣ ጥያቄውን ሳትመልስ፣ “መርምሬ እነግርሃለሁ” ብላ ተነሣች። ነገር ግን ከመሄዷ በፊት ልጇ ምን እንደሚሠራ ማየት ፈለገች። ሲስተር ዘሀራ በሩን ከፍታ “ይግቡ፣ እናቴ፤ እዚህ የሚደበቅ ነገር የለም” አለቻት።

አንዲት ብረት ድስት ምድጃ ላይ ትፈላለች። ብርቅዬ አንገቷን አስግጋ አየች።

“መርፌ ይቀቀላል እንዴ?”

“ሃያ ደቂቃ” አለች ሲስተር ዘሀራ እየሳቀች። “ልጅዎ መጀመሪያ ቀን ጨው ይጨመርበታል ወይ ብሎ ጠይቆኛል።”

ገብረ ሊባኖስ አግዳሚ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ እጅ ይዞ ነበር። ከንፈሩ በቀስታ ይንቀሳቀሳል፤ የእግሩ ጣት መሬቱን ይመታል። ብርቅዬ የሚጸልይ መሰላት። ሲጨርስ “ሰባ ስምንት” አለ። ሲስተር ዘሀራ ደረቷ ላይ የተንጠለጠለውን ሰዓት አይታ የሽማግሌውን የልብ ትርታ ራሷ ቆጠረች። ሰባ ስምንት ነው።

“ምንድን ነው የምታንጎራጉረው?” አለችው።

“የመሪጌታን አንድ ዜማ ነው። አንድ ጊዜ ከጫፍ ጫፍ ስወጣው የሰዓትዎ ቀጭኗ ዘንግ አንድ ዙር ትሞላለች። ለክቼዋለሁ።”

“እንግዲህ ሰዓቴ የተሰበረ ቀን አንተን አንገቴ ላይ አንጠለጥልሃለሁ” አለች ሲስተር ዘሀራ።

ሽማግሌው ሳቁ። ብርቅዬ ግን አልሳቀችም። የልጇን ፊት እያየች ነበር። ይህን ፊት ታውቀዋለች፤ ቅኔ ማኅሌት ቆሞ አዲስ ወረብ ሲያጠና የሚያሳየው ፊት ነው። እዚህም ያው ፊት መኖሩ አስፈራት፤ ደግሞም ከዚያ በፊት ያልነበረ ነገር ልቧን ነካ አደረገው። የትኛው ነው የእሱ? እንዴትስ ይታወቃል?

ከፍላቂት እስከ ቤቷ ሁለቱን ቀን ይህንኑ ስታወጣ ስታወርድ መጣች።

መጀመሪያ የጠየቀችው ባሏን ፈንታውን ነው።

“እኔ ከበር ውጭ ነበርኩ” አላት ቀንበር እየጠረበ። “የሰማሁት ስለት ሳይሆን የኔን ስም እየጠራሽ ስትራገሚ ነው። እሱን ከፈለግሽ ቃል በቃል እነግርሻለሁ።”

በማግስቱ ወደ ጎረቤቷ ወደ ገለቴ ሄደች። ገለቴ ያን ቀን ወገቧን ደግፋ የያዘች ናት። ጎተራ እየለቀለቀች አገኘቻት።

“የምጥሽን ወሬ ዛሬ ምን አስታወሰሽ?” አለች ገለቴ እጇን ሳትታጠብ። “በዚህ ዕድሜሽ ሌላ ልታመጪ ነው እንዴ?”

“ቀልዱን ተይኝ፣ ገለቴ። ምን ብዬ ነበር?”

“‘ይምርሐነ ክርስቶስ ሆይ፣ ልጄን ሰጥቼሃለሁ’ ነው ያልሽው። በነዚህ ጆሮዎቼ ሰምቻለሁ። ከዚያ እሳቱ ጠፋና ልጭር ጎረቤት ወጣሁ። ስመለስ ልጁ እያለቀሰ ነበር።”

ብርቅዬ ቃሉን በልቧ ደገመችው። ልጄን ሰጥቼሃለሁ። ይኸው ነው እንግዲህ። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ልጇ የትም እንዳይሄድ ስትመኝ አልነበረም እንዴ? ግን ፍላቂት ያየችው ፊት ታወሳት።

በመሠረተ ትምህርት ማታ ማታ መማር ከጀመረች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። አስተማሪው ምስጋኑ ለክፍሉ ሁሉ ደብተር ሲያድል “የራሳችሁን ነገር ጻፉበት” ብሏቸው ነበር፤ እስከዚያ ቀን ግን ከስሟና ከልጆቿ ስም ሌላ የጻፈችው አልነበረም። አሁን ደብተሩን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ገለቴ ያለችውን ቃል በቃል ጻፈችው። አራት መስመር ነው። ከጠዋት እስከ ምሳ ፈጀባት። ጨርሳ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። ሁለተኛም አነበበችው።

ሦስተኛ ስታነበው አንድ ነገር ያዛት። “ከዚያ እሳቱ ጠፋና ልጭር ጎረቤት ወጣሁ።” በጆሮዋ ስትሰማው አልፎ የሄደ ነገር ነበር። ወረቀቱ ላይ ግን ቁጭ ብሏል። ገለቴ ወጥታለች። እሷ ስትመለስ ልጁ ተወልዷል። በመሐሉስ?

በመሐሉ ቤት ውስጥ የነበረች አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ አዋላጇ። እሷም በዚያው ዓመት መንኩሳ ይምርሐነ ክርስቶስ ገዳም ገብታለች። ዛሬ እማሆይ ወለተ ሐና ትባላለች፣ በሕይወት ካለች።

በታኅሣሥ መጀመሪያ ብርቅዬ ደብተሯን በነጠላዋ ጠቅልላ ገና ጎህ ሲቀድ ወጣች። የጽዱን ደን አቋርጣ ዋሻው አፍ ስትደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። እማሆይ ወለተ ሐና በሕይወት ነበሩ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን አልደከመም። ዋሻው አጠገብ ከነበረች ጎጆ ደጃፍ ተቀምጠው፣ ማን እንደሆነች ስትነግራቸው በእጃቸው ፊቷን ዳሰሱ።

“የፈንታው ሚስት! ያ እግሩ ቀድሞ የመጣው ልጅ እናት?”

“እሱ ነው እማሆይ። አሁን ዲያቆን ነው።”

“ተመስገን። ምን እግር ጣለሽ?”

ነገረቻቸው፤ ደሴን፣ ክሊኒኩን፣ ስለቱን። ደብተሯን አውጥታ የገለቴን ቃል አነበበችላቸው። እማሆይ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ።

“ገለቴ አልዋሸችም” አሉ አንብባ ስትጨርስ። “ብለሻል። ግን አላስጨረስኩሽም።”

“እንዴት?”

“አፍሽን ያዝኩዋ!” እጃቸውን አንሥተው በራሳቸው አፍ ላይ አስቀመጡና አሳዩአት። “ልጄ፣ ብዙ ሴት አዋልጃለሁ። ምጥ ላይ ያለች ሴት አፏን አላምነውም። አንዷ የባሏን በሬ ትሰጣለች። አንዷማ አማቷን ተሳለች፤ እንዲያውም ደስ እያላት።” እማሆይ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። “በሬስ ይሁን። ልጅ ሲሰጡ ግን አልወድም። ገና ያልመጣ ነፍስ፣ ያልጠየቁት ነፍስ! ስለዚህ ልጅ የሚል ቃል ስሰማ አፋቸውን እይዛለሁ። ‘የራስሽን ስጪ፣ እጅሽ የሚሠራውን ስጪ’ እላለሁ። አንቺንም እንዲሁ አልኩሽ።”

ብርቅዬ ደብተሩን አጠፈችው። “እኔስ... ምን አልኩ?”

“መጋረጃ። ‘በእጄ ፈትዬ መጋረጃ አለብስሃለሁ’ አልሽ። ሁለት ጊዜ አስደገምኩሽ። ከዚያ ልጁ መጣ።”

ከዋሻው ውስጥ የውኃ ጠብታ ድምፅ ይሰማ ነበር።

“መጋረጃው አልመጣም” አሉ እማሆይ በለሰለሰ ድምፅ። “ድሃ ናት፣ ጥጥ አጥታ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። አንቺ ለካ ረስተሽዋል።”

“በጥጡ ፋንታ ልጄን ይዤ ኖርኩ” አለች ብርቅዬ። እንባዋ መጣ። ከዚያ ደብተሩን ገልጣ እርሳሷን በምራቋ አራሰች። “እማሆይ፣ እንደገና ይንገሩኝ። ቀስ ብለው።”

“ትጽፊዋለሽ? አንቺ ራስሽ?”

“እጽፈዋለሁ።”

“ታዲያ ጻፊ። እኔ የትም አልሄድም” አሉ እማሆይ፣ ድምፁን ለመስማት ወደ ወረቀቱ ጠጋ ብለው። “እርሳስ እንዲህ ይጮሃል እንዴ?”

ስትመለስ መንገዱ ከሄደችበት ይልቅ ረዘመባት። አንድ ወንዝ ዳር ተቀምጣ እግሯን እያቀዘቀዘች ደብተሩን አየችው። እማሆይ ያሉትን የሚያውቅ ከእሷ በቀር ማንም የለም። ገለቴ የሰማችው “ልጄን ሰጥቼሃለሁ” ነው፤ ያን ለመሪጌታ ብትነግር ይበቃል። ውሸትም አይደለም። ገብረ ሊባኖስ ይቀራል። በየሳምንቱ ታየዋለች፤ ስትታመም ይመጣል፤ ስትሞት እሱ ይፈታታል። ሁለተኛው ገጽ ግን ከተነበበ የሚያስቀረው ነገር የለም። ሐረር የት እንደሆነች እንኳ አታውቅም።

ገጹን በሁለት ጣቷ ያዘችው። የገዛ እጇ ጽሑፍ ነው፤ የተጣመመው ፊደል ሁሉ የሷ ነው። በሕይወቷ የጻፈችው ትልቁ ነገር ይህ ነው። ነጠላዋ ውስጥ መለሰችውና ወንዙን ተሻገረች።

ገብረ ሊባኖስ ወሩን ጨርሶ በሳምንቱ መጣ። ሲስተር ዘሀራ እንደምትፈርምለት ነግራዋለች። እናቱ ሰላም ከተባባሉ በኋላ አጠገቧ አስቀመጠችውና ደብተሩን ገለጠች።

“የጠየቅኸኝን መርምሬያለሁ” አለች።

ቀና ብሎ ቢያይ ገጹን በአንድ ትንፋሽ ይጨርሰው ነበር። አላየም። አንገቱን ደፍቶ ጠበቃት። እሷም ጣቷን ከፊደል ወደ ፊደል እያሻገረች፣ አንዳንዱን ሁለቴ እየጀመረች፣ መጀመሪያ የገለቴን ቃል አነበበች፤ ከዚያ ገጹን ገልብጣ የእማሆይን። “መጋረጃ” የሚለው ቃል ላይ ድምፅዋ ተሰበረ፤ ግን ጨረሰችው።

ገብረ ሊባኖስ ሳቀ። ከዚያ ደግሞ ፊቱ ተለወጠ።

“እስከ ዛሬ የምትይዢኝ አንቺ ነበርሽ” አለ። “አሁን ማን ይያዘኝ? ማን ላይስ ላላክክ?”

“እኔ እንጃ ልጄ።”

“አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?”

ብርቅዬ እማሆይ እንዳደረጉት እጇን አንሥታ የራሷን አፍ ያዘች። ልጇ የእማሆይን ቃል አስታወሰና በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

መሪጌታ ጥሩሰው ሁለቱም ገጽ ተነቦላቸው ከሰሙ በኋላ “እንግዲህ ገናን ቆመህ ዘምር” አሉት። “እስከ ዛሬ ስትዘምር የሰማሁት የተሰጠ ልጅ ነው። ያልተሰጠው ልጅ እንዴት እንደሚዘምር ልስማው። ከዚያ ንገረኝ።”

“የኔታ፣ ለእሱ ከሆነ እኔም ያልተሰጠሁ ነኝ” አለ ደባሱ ከኋላ።

“አንተማ ማንም አይወስድህም፤ እዚሁ ቁም” አሉት።

የገና ዕለት ጠዋት ብርቅዬ ከምእመናኑ ጋር በቤተ ማርያም ግቢ ቆማ ወደ ላይ ታይ ነበር። ካህናቱ ከዓለቱ አፋፍ ላይ ዙሪያውን በነጭ ተደርድረዋል። ልጇን ፈልጋ አገኘችው። ከደባሱ አጠገብ ነው። መቋሚያው ከፍ ዝቅ ይላል፤ ወገቡ ከሌሎቹ ጋር ይወዛወዛል፤ ፊቱ ግን ያለወትሮው ፈክቷል። ድምፁን ከመቶው ድምፅ መሐል ለየችው። እንዲህ ሲዘምር ሰምታው አታውቅም። “ይቀራል” አለች በልቧ። “እንዲህ የሚዘምር ሰው የት ይሄዳል?”

ሲወርድ ነጠላው በላብ ርሶ ነበር።

“ደስ አለህ?” አለችው።

“በሕይወቴ እንደ ዛሬ ዘምሬ አላውቅም።”

“ታዲያ...”

“እሄዳለሁ፣ እማ።”

ላቡን ጠርጎ ቃሉን ፈለገ።

“ፍላቂት ሳለሁ የምፈራው አንድ ነገር ነበር። ሥራውን የወደድኩት ከስለቱ ለማምለጥ እንዳይሆን ነበር የምፈራው። ዜማውን ጠልቼ እየሸሸሁ እንዳይሆን። ዛሬ ማንም ሳይይዘኝ ቆምኩ፤ እንደምወደው አወቅሁ። የሚሸሽ ሰው እንዲህ አይዘምርም። የዚያን ሽማግሌ እጅ ስይዝም ያው ነበርኩ። እንግዲያው ብሄድ ሸሽቼ አይደለም።”

“ከተመለስክስ?”

“ከተመለስኩ ያው ዜማው አብሮኝ ነው። ቆጥሬበታለሁ እኮ።”

ብርቅዬ ነጠላውን ከትከሻው ላይ አስተካከለችለት። የምትለው ብዙ ነበር። “እዚያ ብርድ አለ ይላሉ” ብቻ አለች። በዚያው ሳምንት ገበያ ወርዳ ከቆላ ነጋዴ ጥጥ ገዛች።

ክሩን ፈትላ ለመጨረስ ሁለት ክረምት ወሰደባት፤ ሸማኔው ሠርቶ ሲሰጣት ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ይዛው ወጣች። እማሆይ ወለተ ሐና በጣታቸው ዳስሰው “ክሩ እኩል አይደለም፣ ግን ያንቺ ነው” አሉ። በዚያው ዓመት ጎንደር መንገድ ላይ የሚያልፈው መኪና ሁሉ ደባሱ ሳይሳፈርበት አለፈ።

ገብረ ሊባኖስ ከዚያው ገና በኋላ በጥር ወር ወደ ደሴ ሄዶ፣ ተምሮ ሲጨርስ ሐረርጌ ተመደበና እዚያው ኖረ። ደባሱ ቀረ። መሪጌታ ጥሩሰው ሲያርፉም ወንበራቸውን የያዘው እሱ ነው።